ከሥዕሉ ጥግ ያለውን ስም ፈልጊ

ጥያቄ፦

ሰላም ጋሼ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። የ26 ዓመት ሴት ነኝ። በቅርቡ አንድ ሥዕል ስልኬ ላይ ብቅ አለ። ጋሻ የያዘች ተዋጊ ሴት ናት። ከኋላዋ ጭጋግ አለ፤ ከጭጋጉ ውስጥ ዓይኖች ያያሉ። ከየትኛው ጌም እንደሆነች፣ ማን እንደሣላት አልተጻፈም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥዕል መሰብሰብ ሱስ ሆኖብኛል። ስልኬ ሞልቷል፤ የአንዱንም ባለቤት ግን አላውቅም።

የሱፐርሂሮ ፊልሞች ስለምወድ ኮሚኩንም ልጀምር ብዬ ነበር። ግን ስንት ቁጥር 1 ነው ያለው? የትኛው ነው መጀመሪያው? ግራ ሲገባኝ ተውኩት። ዌብኮሚክም፣ ኢንተርኔት ላይ የሚወጣውን ኮሚክ ማለቴ ነው፣ ሞክሬ ነበር። በየገጹ ማስታወቂያ እየዘለለ አላስነብብ አለኝ። ጓደኞቼ ደግሞ “ይሄ እኮ የልጆች ነገር ነው” እያሉ ይስቁብኛል። ጭራሽ የ10 ዓመት ወንድሜ አይቶኝ እኔም ላንብብ ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ለእሱስ ይሆናል? በአጠቃላይ ከየት ልጀምር?

ግራ የገባኝ

መልስ፦

እህቴ፣ በጓደኞችሽ ልጀምርና ቶሎ ልለፋቸው። አርት ስፒግልማን የሚባል ሠዓሊ አባቱ ከናዚ የሞት ካምፕ እንዴት እንደተረፈ በኮሚክ ተርኳል። አይሁዶቹን በአይጥ፣ ናዚዎቹን በድመት መስሎ ነው የሣላቸው። በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቶበታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ያንን መጽሐፍ አንብቦ “የልጆች ነገር” የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ከዚህ በላይ አትከራከሪያቸው።

ወደ ዋናው ነገር እንሂድ። ደብዳቤሽ ላይ ላዩን ሲታይ ሦስት ችግር አለው። ሥዕሎቹ ባለቤት የላቸውም። የሱፐርሂሮው ኮሚክ መግቢያው ጠፍቶብሻል። ዌብኮሚኩ በማስታወቂያ ታፍኗል። ለእኔ ግን የሚታየኝ አንድ ችግር ብቻ ነው። እስካሁን የፈለግሽው በገጸ ባሕሪ ስም፣ በጌም ስም፣ ወይም ስልክሽ ራሱ ባመጣልሽ ነው። በሠራው ሰው ስም ፈልገሽ አታውቂም። ዘፋኙን ሳያውቅ ዘፈን ብቻ የሚያጠራቅም ሰው ስልኩ እንዳንቺው ነው የሚሆነው፤ ሞልቶም ቀጥሎ ምን እንደሚሰማ አያውቅም።

መጀመሪያ ያቺን ተዋጊ እናግኛት። ሥዕሉን ክፈቺና አራቱንም ጥግ አጉልተሽ እዪ። ብዙ ሠዓሊ ከታች፣ በቀኝ ወይም በግራ ጥግ ይፈርማል። ተንኮለኛው ግን ፊርማውን ድንጋይ ላይ፣ ጋሻ ጠርዝ ላይ፣ የካባ እጥፋት ውስጥ ይደብቃል። ሁለት ፊደልና አንድ ዓመተ ምሕረት ብታገኚ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ፊርማ ከሌለ ሥዕሉን ራሱን መፈለጊያ አድርጊው። ጉግል ሌንስ ውስጥ ስታስገቢው ብዙ ነገር ያመጣልሻል። ችግሩ ያንኑ ሥዕልና የሚመስለውን ይቀላቅላል። ቲንአይ የሚባለው ግን ያንኑ ሥዕል ነው የሚያድነው። ደስ የሚለው ነገር ውጤቱን ከጥንቱ ወይም ከትልቁ ጀምሮ እንዲደረድርልሽ ማድረግ ትችያለሽ። ሁለቱንም ሞክሪ። ሥዕል ከሰው ወደ ሰው በተላለፈ ቁጥር ይደበዝዛል፣ ይቆረጣል፣ ፊርማው ይወድቃል። ስለዚህ የቆየውና ትልቁ ቅጂ ለሠዓሊው ይቀርባል። ሥዕሉ የጃፓን አኒሜ መልክ ካለው ደግሞ ሶስናኦ የተባለውን ሞክሪ። ፒክሲቭን የመሳሰሉ፣ የጃፓን ሠዓሊዎች ሥራቸውን የሚያወጡባቸውን ቦታዎች ይፈትሻል። ፍለጋው ፒንተረስት ላይ ቢያደርስሽ እዚያ አትቁሚ። እዚያ የለጠፈው ሰው ብዙ ጊዜ እንዳንቺው ያገኘውን የሰበሰበ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሥዕሉ ላይ የታወቀ ገጸ ባሕሪ ስላየሽ ብቻ ከጌሙ የወጣ አይምሰልሽ። ጌሙን የሚወድ ሰው ለራሱ ደስታ የሣለው ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ የአድናቂው ሥዕል ከኦፊሴላዊው ይበልጣል። ያንን ሠዓሊ ጌሙ ውስጥ ስትፈልጊው ብትውዪ ግን አታገኚውም።

የጌም ሥዕል ስም አልባ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ሠዓሊው ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለድርጅት ነው። ጌሙ እስኪወጣ ድረስ ሥራውን ለማንም እንዳያሳይ ውል ይፈርማል። ሥዕሉ መጀመሪያ አደባባይ የሚወጣው በማስታወቂያ መልክ ነው። እዚያ ላይ ጎልቶ የሚታየው የጌሙ አርማ ነው፤ የሠዓሊው ስም የለም። ሰው ሁሉ የሚቀባበለው ያንን ቅጂ ነው። ጌሙ ከወጣ በኋላ ግን ሠዓሊዎቹ እፎይ ብለው ያጠራቀሙትን በራሳቸው ገጽ ይለቁታል። ብዙዎቹ የሚለቁት አርትስቴሽን ላይ ነው። በ2014 የተከፈተ፣ የጌምና የፊልም ሠዓሊዎች ሥራቸውን ለቀጣሪ የሚያሳዩበት ቦታ ነው። ለቀጣሪ ስለሆነ ማን ምን እንደሠራ፣ ማን እንደመራው በግልጽ ይጽፋሉ። የምትወጂው ጌም በወጣ ሰሞን እዚያ ገብተሽ የጌሙን ስም ፈልጊ። አንዱን ሠዓሊ ስታገኚ የባልደረቦቹን ስምም እዚያው ታገኚያለሽ። ከ2000 ጀምሮ ያለው ዴቪያንትአርትም አለ። እዚያ ግን ጀማሪውም አንጋፋውም ተደባልቆ ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል።

እዚያ ስትገቢ ሁለት ዓይነት ሥዕል ታያለሽ። አንደኛው ኮንሰፕት አርት ይባላል። አንድ ተዋጊ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ተሥሎ፣ የጫማው ዘለበትና የሰይፉ እጀታ ለብቻው ጎልቶ የምታዪው እሱ ነው። ሥራው ማስጌጥ አይደለም። የጌሙን ቅርጽ በኮምፒውተር ለሚገነባው ባልደረባ መመሪያ ነው። ሌላው ተመልካችን ለመያዝ ብርሃኑም ጭጋጉም የተቀነባበረበት የተጠናቀቀ ሥዕል ነው። ያንቺ ተዋጊ ከሁለተኛው ወገን ትመስለኛለች። እኔ ግን የማደላው ለመጀመሪያው ነው። ሠዓሊው ሲያስብ ይታያል። አንዱን ራስ ቁር አምስት ዓይነት አድርጎ ሥሎ አራቱን ሲጥል ታዪዋለሽ።

ይህ ሁሉ ፍለጋ ያደክማል የምትዪ ከሆነ አቋራጭ ልስጥሽ። ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈጠረው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለ የካርድ ጨዋታ በ1993 ወጣ። ከመጀመሪያው ጀምሮ በየካርዱ ግርጌ የሠዓሊው ስም ይታተማል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ካርድ፣ ሁሉም ስም ያለው ሥዕል ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። ስክራይፎል በሚባለው የካርዶቹ መፈለጊያ ላይ ዝርዝር መፈለጊያውን ከፍተሽ “Artist” በሚለው ቦታ የሠዓሊ ስም ስትጽፊ የዚያ ሰው ካርዶች በሙሉ ተደርድረው ይመጡልሻል። ጨዋታውን መቻል አያስፈልግሽም። ጭጋግ ስለምትወጂ ከሴብ ማኪነን ጀምሪ። የእሱ ሥዕሎች በግማሽ እንቅልፍ የታዩ ይመስላሉ። መልክዓ ምድር ካማረሽ ጆን አቮን አለ። ለስላሳ፣ ተረት ተረት የሚሸት ነገር ከፈለግሽ ሬቤካ ጓይ።

ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል፤ ለእኔ ዋናው ደስታ እሱ ነው። የፋንታሲ ጌም ሁሉ አያት የሚባለው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 ሲወጣ ሥዕሎቹ ጀማሪ በእርሳስ የሞከራቸው ይመስሉ ነበር። በ1980ዎቹ እነ ላሪ ኤልሞር፣ ጄፍ ኢዝሊና ኪት ፓርኪንሰን መጡና ዘንዶውንና ባላባቱን በዘይት ቀለም ሠሩት። ዛሬ “ፋንታሲ” ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው መልክ በአብዛኛው የእነሱ ነው። በ1991 ብሮም የሚባለው ሠዓሊ በረሃማና ጨካኝ ዓለም ይዞ መጣ። በ1994 ቶኒ ዲተርሊዚ በቀጭን መስመርና በፈዘዘ ቀለም ሌላ መልክ ሰጠው። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ደግሞ ፍራንክ ፍራዜታ አለ፤ ከ1928 እስከ 2010 የኖረ። በ1960ዎቹ ለልቦለድ መጻሕፍት የሠራቸውን ሽፋኖች ስታዪ “ይህን የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ” ትያለሽ። ያየሽው እሱን አይደለም፤ እሱን እያዩ ያደጉትን ነው።

ከጃፓን በኩል ዮሺታካ አማኖን እንዳትዘዪው። የፋይናል ፋንታሲ የመጀመሪያው ጌም በ1987 ሲወጣ ስክሪኑ ላይ ያለው ጀግና ጥቂት ባለቀለም ነጥብ ነበር። አማኖ ለዚያው ጌም የሣላቸው ሰዎች ግን ነፋስ የሚወስዳቸው የሚመስሉ ቀጫጭን፣ ጸጉራቸው የተበተነ፣ ልብሳቸው የሚፈስ ናቸው። ነጥቡን ሰው የሚያደርገው ተጫዋቹ ነበር፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሚያስብ የሚያሳየው ደግሞ አማኖ።

በዚህ ዘመን አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። የምትሰበስቢው ሥዕል ሰው ያልሣለው፣ በኤአይ የተመረተ ሊሆን ይችላል። የትጥቁን ጠፍር በዓይንሽ ተከተዪ፤ ከየትም ጀምሮ የትም የማይደርስ ከሆነ ጠርጥሪ። ፊርማው ፊደል መስሎ ፊደል ካልሆነም እንዲሁ። ከሁሉ የሚሻለው ምልክት ግን የሰውየው ገጽ ነው። እውነተኛ ሠዓሊ ንድፍ ያሳያል፣ ያልተሳካ ሙከራ ያሳያል፣ ከዓመታት በፊት የሠራውን ደካማ ሥራ እንኳ አይሰርዝም። በየቀኑ ያለቀለት ሥዕል በገፍ የሚለጥፍ፣ አንድም ንድፍ የሌለው ገጽ ለእኔ አጠራጣሪ ነው። በታኅሣሥ 2022 አርትስቴሽን ላይ ብዙ ሠዓሊዎች ይህንኑ በመቃወም አንድ ዓይነት የተቃውሞ ምስል እየለጠፉ ገጹን አጥለቅልቀውት ነበር።

ስልክሽ ላይ ያሉትን ሁሉ ለመለየት ግን አትነሺ፤ ዕድሜሽን ይበላዋል። ዓይንሽን ስትጨፍኚ የሚመጡልሽን ጥቂቶች ብቻ ምረጪና የእነሱን ባለቤት ፈልጊ። የቀረው ይጥፋ።

አሁን ወደ ሱፐርሂሮው። ስንት ቁጥር 1 አለ ላልሽው፣ እጅግ ብዙ። አሳታሚዎቹ ቁጥር 1 የተጻፈበት እትም የተሻለ እንደሚሸጥ ያውቃሉ። ስለዚህ ጸሐፊ ሲቀየር ብዙ ጊዜ መቁጠር እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ሱፐርማን በ1938፣ ባትማን በ1939፣ ስፓይደርማን በ1962 ነው የወጡት። እስከ ዛሬ አልቆሙም። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር መብቱን ለአሳታሚው በ130 ዶላር ሸጡት። ከዚያ ወዲህ ገጸ ባሕሪው የድርጅት ንብረት ነው። አንዱ ጸሐፊ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፤ የመጣው ደግሞ የሄደውን ያፈርሳል። ስፓይደርማን በ1987 አገባ። በ2007 በተጀመረ ታሪክ ጋብቻው ጭራሽ እንዳልነበረ ሆነ። ሁሉንም በተራ ያነበበ ሰው እንኳ ይህን አያስታርቀውም።

ስለዚህ መጀመሪያውን አትፈልጊ። የለም። የምትፈልጊው አንድ ጸሐፊና አንድ ሠዓሊ አብረው ጀምረው የጨረሱትን ነው።

ለምሳሌ ኦል ስታር ሱፐርማን አለ። ግራንት ሞሪሰን ጻፈው፣ ፍራንክ ክዋይትሊ ሣለው። ከ2005 እስከ 2008 በ12 እትም ወጥቶ አለቀ። የሱፐርማን የትውልድ ታሪክ በፊልም ግማሽ ሰዓት ይፈጃል አይደል? እዚህ በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በአራት ሥዕልና በስምንት የእንግሊዝኛ ቃል ያልቃል። ከዚያ ዋናው ታሪክ ይጀምራል። ቀለል ያለ ነገር ከፈለግሽ ሆክአይ ይሻልሻል። ከ2012 እስከ 2015 የወጣ፣ ማት ፍራክሽን የጻፈው፣ በዋናነት ዴቪድ አሃ የሣለው ነው። ጀግናው ዓለምን በሚያድንበት ቀን ሳይሆን ዕረፍት በወጣበት ቀን ምን ያደርጋል የሚለውን ነው የሚተርከው። አንዱ እትም ሙሉ በሙሉ በጀግናው ውሻ ዓይን የተነገረ ነው። ውሻው ሽታውን በምልክት ያነባል፤ የሰዎቹን ንግግር ግን እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ብቻ ነው የሚሰማው። ያ እትም በ2014 በኮሚክ ዓለም የታወቀውን የአይስነርን ሽልማት አግኝቷል። ጨለም ያለ ነገር ከወደድሽ ቪዥን አለ፤ 12 እትም፣ ቶም ኪንግ የጻፈው፣ በአብዛኛው ገብርኤል ኤርናንዴዝ ዋልታ የሣለው። ሰው ሠራሽ ፍጡር ሚስትና ልጆች ሠርቶ ተራ ሰፈር ውስጥ እንደ ሰው ሊኖር ሲሞክር ምን እንደሚደርስበት ያሳያል። መጨረሻው እንቅልፍ ይነሣል፤ ብዬሻለሁ።

ከሦስቱ አንዱን አንብቢና የወደድሽው ምኑን እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። ወጉን ከሆነ የጸሐፊውን ስም ተከተዪ። ሥዕሉን ከሆነ የሠዓሊውን። ሆክአይ ስለ ሆክአይ የተጻፈ ሌላ መጽሐፍ ላይ አያደርስሽም፤ ሌላው ሆክአይ ሌላ ሰው የሠራው ነው፣ ቅር ይልሻል። ሠዓሊው ግን ወደ ሌላ ሥራው ይወስድሻል።

አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። የሽፋኑ ሠዓሊና የውስጡ ሠዓሊ ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሽፋኑ አፍዝዞሽ ትገዢውና ውስጡ ሌላ እጅ ሆኖ ይጠብቅሻል። ከመግዛትሽ በፊት የውስጥ ገጾችን ናሙና እዪ። የስም ዝርዝሩንም አንብቢ። በእርሳስ የሚነድፈው፣ በጥቁር ቀለም የሚያደምቀው፣ ከለር የሚቀባው፣ ፊደሉን የሚያሰፍረው እያንዳንዱ ለብቻው ተጽፎ ታገኚያለሽ። በተለይ ከለር የሚቀባውን ሰው አትናቂው። ያው ንድፍ በሌላ ሰው ቀለም ሌላ ስሜት ይሰጣል።

የት ታገኚዋለሽ? ማርቭል አንሊሚትድ የሚባለው ደንበኝነት የማርቭልን (የእነ ስፓይደርማንን አሳታሚ) መጻሕፍት ከወጡ ከ3 ወር ገደማ በኋላ ያስነብባል፤ ለዲሲ (የእነ ሱፐርማን አሳታሚ) መጻሕፍት ደግሞ ዲሲ ዩኒቨርስ ኢንፊኒት አለ። አባል የሆንሽበት ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል መጻሕፍት የሚያውስ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ጠይቂ። ነጻና ሕጋዊ ነገር ከፈለግሽ ዲጂታል ኮሚክ ሚውዚየም የተባለው ቦታ የደራሲ መብታቸው ያለፈባቸውን ጥንታዊ ኮሚኮች እንድታወርጂ ያቀርባል። እዚያ ሱፐርማንን አታገኚም። በ1940ዎቹ ብቅ ብለው የጠፉ፣ ስማቸው የሚያስቅ ጀግኖች ግን ሞልተዋል። ለሳቅም ለትምህርትም ይሆናል።

ስታነቢ አትሩጪ። ፊልም ወዳድ ሰው ኮሚክ ሲጀምር ንግግሩን ብቻ አንብቦ ገጹን ይገለብጣል። ስኮት ማክላውድ በ1993 ስለ ኮሚክ ራሱን በኮሚክ መልክ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። አንዱ ዋና ሐሳቡ ይህ ነው። በሁለት ሳጥኖች መካከል ባለው ባዶ ቦታ የሚሆነውን ነገር የሚፈጽመው አንባቢው ራሱ ነው። በአንዱ ሳጥን መጥረቢያ ተነሥቷል፤ በሚቀጥለው የከተማ ሰማይና ጩኸት አለ። የመታው ማን ነው? አንቺ ነሽ። ባዶው ቦታ ላይ ትንሽ ቆም ካልሽ ንባቡ ይጣፍጣል።

ዌብኮሚኩ ላይ ያበሳጨሽ ነገር ደግሞ ዌብኮሚክ አይደለም፤ የተሰረቀ ዌብኮሚክ ነው። ማስታወቂያ የሚዘልባቸው፣ አንዱን ስትዘጊ ሌላ የሚከፍቱ ገጾች የሌላ ሰው ሥራ ገልብጠው ነው የሚነግዱት። መለየቱ ቀላል ነው። የሠዓሊው ስም የለም፣ ወይም አንድ ጥግ ተወርውሯል። የማይገናኙ አሳታሚዎች ሥራ አንድ ላይ ተከምሯል። ወደ ሠዓሊው የሚወስድ ሊንክ የለም። ውጪ። የሥራውን ርእስ ይዘሽ ሠዓሊውን ፈልጊ፤ ያው ታሪክ በጥሩ ጥራት፣ ብዙ ጊዜም በነጻ፣ ኦፊሴላዊው ቦታ ላይ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ።

ትልቁ ቦታ ዌብቱን ነው። የኮሪያው ናቨር በ2004 ጀመረው፤ በእንግሊዝኛ ከ2014 ጀምሮ አለ። ለስልክ የተሠራ ነው፤ ገጽ አይገለበጥም፣ ወደ ታች ይሳባል። እዚህ ጊዜን የሚያሳየው ርቀት ነው። ሠዓሊው ሊያስደነግጥሽ ሲፈልግ ረጅም ባዶ ቦታ ያስኬድሽና ድንገት ሥዕሉን ያመጣዋል። የሬቸል ስማይዝን ሎር ኦሊምፐስ ከዚያ ሞክሪ። በ2018 የጀመረ፣ የግሪክ አማልክትን የፍቅር ታሪክ በዛሬ ልብስ የሚያወራ ነው። ሐዲስ የተባለው አምላክ ሰማያዊ ነው፣ ፍቅረኛው ፐርሰፎኒ ሮዝ ናት፤ ሲቀራረቡና ሲራራቁ ቀለሙን ብቻ እያየሽ ታውቂያለሽ። ባንቺ ዓይን ላለ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ደግሞም አልቋል።

“አልቋል” ያልኩት በምክንያት ነው። ዌብኮሚክ በአብዛኛው አንድ ሰው ከሌላ ሥራው ጎን የሚሠራው ነው። ይታመማል፣ ይሰለቻል፣ ለወራት ይጠፋል። ለጀማሪ ያለቀ ወይም በየክፍሉ ራሱን የቻለ ሥራ ይሻላል። ራሱን የቻለ ስትዪ የራንደል ሞንሮን ኤክስኬሲዲ እዪ። ከ2005 ጀምሮ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይወጣል። ሰዎቹ በእንጨት የተሠሩ ይመስል መስመርና ክብ ብቻ ናቸው፤ ቀልዱ ግን ከሒሳብ እስከ ልብ ስብራት ይሄዳል። እያንዳንዱ ሥዕል ላይ የተደበቀ አንድ ተጨማሪ ዐረፍተ ነገር አለ። በኮምፒውተር ማውሱን ሥዕሉ ላይ ስታሳርፊ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ለዓመታት ያነባል።

ሥዕል ስለምትወጂ “መስመርና ክብ ምን ያደርግልኛል” እንዳትዪ ፈራሁ። ሪች በርሉ በ2003 የጀመረው ኦርደር ኦቭ ዘ ስቲክም እንዲሁ ነው። ስለ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሕጎች በመቀለድ ይጀምርና ሳታስቢው ረጅምና ከባድ ጀብዱ ይሆናል። በ2012 የቆዩትን ጥራዞች ድጋሚ ለማሳተም ከአንባቢ ገንዘብ ሲያሰባስብ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። ጃፓናዊው ዋን ደግሞ በ2009 ዋን ፓንች ማንን በራሱ ሻካራ ሥዕል ኢንተርኔት ላይ አወጣ። ታሪኩን የወደደው ታላቅ ሠዓሊ ዩሱኬ ሙራታ ከ2012 ጀምሮ እንደ አዲስ ሣለው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊና እዪ። ሻካራው ላይ የሚያስቀው ነገር ውቡ ላይ አንዳንዴ ይጠፋል፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ ብዙ ሰው አይስማማም።

ሠዓሊው የራሱ ገጽ ካለው ከመጨረሻው ክፍል አትጀምሪ። “መጀመሪያ” የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን ንኪ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሥዕል ደካማ ከሆነ ትንሽ ታገሺ። ሰውየው ዓይንሽ ሥር ሥዕል ሲማር ታዪዋለሽ። ታሪኩ ከሰለቸሽ ግን ለሥዕል ብለሽ አትታገሺ። አዲስ ነገር ለመፈለግ ደግሞ የወደድሽው ሠዓሊ የሚያደንቃቸውን እዪ። አብዛኞቹ ገጻቸው ላይ የጓደኞቻቸውን ሥራ ይጠቁማሉ። የአይስነር ሽልማትም ከ2005 ጀምሮ ለዲጂታል ኮሚክ ቦታ አለው። አሸናፊውን ብቻ ሳይሆን የእጩዎቹን ዝርዝር አንብቢ፤ ጥሩው ነገር ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

የቀረው ወንድምሽ ነው። ሱፐርሂሮ ሁሉ ለልጅ ነው ብለሽ እንዳትሰጪው። ከላይ ያልኩሽ ቪዥን ለ10 ዓመት ልጅ አይሆንም። ሎር ኦሊምፐስም አይሆንም፤ ጥቃት የደረሰባት ሴት ታሪክ አለበት። ለእሱ የጄፍ ስሚዝን ቦን ፈልጊለት። ከ1991 እስከ 2004 በ55 እትም የወጣ፣ ዘንዶም ሳቅም ያለበት ነው፤ አንቺም ትወጂዋለሽ። የካዙ ኪቡይሺ አሙሌትም ጥሩ ነው፣ 9 ጥራዝ። ግን መግቢያው ላይ አባት በመኪና አደጋ ይሞታል፤ እሱን ቀድመሽ እዪና አብራችሁ አንብቡት። ማርቭልና ዲሲ እትሞቻቸው ላይ የዕድሜ ምልክት ያደርጋሉ፤ ከመስጠትሽ በፊት ተመልከቺ። አርትስቴሽንንና ዴቪያንትአርትን ግን ብቻውን አይክፈት። የአዋቂ ይዘት የሚሸፍን ማጣሪያ አላቸው፤ ሠዓሊው ራሱ ምልክት ካላደረገበት ግን ማጣሪያው ላይይዘው ይችላል።